ራዲያተሩን ማን አየው?

እስቲ በኑዛዜ እንጀምር፡፡

እኛ ሦስት ጓደኛሞች በጥቅምት 2010 ዓ.ም. መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ አንድ ሞተር ገድለናል፡፡ ሟቹ የጓደኛችን አባት የናፍጣ ፒክአፕ ሞተር ሲሆን ዕድሜው ከሦስታችንም ይበልጥ ነበር፡፡ ከገዳዮቹ አንዱ በሜካኒካል ምህንድስና የተመረቀ፣ አንዱ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ክረምት መፍቻ ያቀበለ፣ አንዱ ደግሞ የባለመኪናው የገዛ ልጅ ነው፡፡ የትኛው ማን እንደሆነ አንናገርም፡፡ ጥፋቱን እኩል ስለተካፈልነው ‹‹እኛ›› እያልን እንቀጥላለን፡፡

ይህን ታሪክ ለዓመታት ደብቀነው ኖረናል፡፡ አሁን ያወጣነው ወድደን አይደለም፡፡ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና ማሳደስ የብዙ ቤት ጨዋታ ሆኗል፡፡ በቅርቡ እንኳን ሁለት ወዳጆቻችን ‹‹ሞተር ራሳችን ልናወርድ ነው፤ ቪዲዮውን አይተነዋል›› ብለውናል፡፡ ቪዲዮውን እኛም አይተነው ነበር፡፡ ስለዚህ ውርደታችንን ዋጥ አድርገን እንናገር፤ ምናልባት የአንድ ሰው በሬ እናተርፍ ይሆናል፡፡ (በሬው ከሞተር ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይታገሰን፡፡ እንደርስበታለን፡፡)

መጀመሪያ ስለ አገሩ፡፡ መሐል ሜዳ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፡፡ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች፣ ነፋሷ የማያርፍ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ሣሩን ነጭ የሚያለብስባት ከተማ ናት፡፡ በዚያ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፡፡ ሰው ዳገት ሲወጣ እንደሚያለከልከው ሞተርም እዚያ ያለከልካል፡፡

ጋሼ (የጓደኛችንን አባት የምንጠራቸው እንዲህ ነው) በዚያች ፒክአፕ ገብስና በግ ጭነው ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ፡፡ አንዳንዴም በጣርማበር በኩል ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ይደርሱና ሽንኩርትና ማሽላ ጭነው ይመለሳሉ፡፡ መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፡፡ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ፡፡ በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፡፡ ከቆላ ተነስቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጣሊያን የቦረቦረው ዋሻ አፍ እስኪደርስ ድረስ ጭነት የያዘ መኪና በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣው፡፡ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወደ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ የወጣ ሹፌርም ይህንኑ ይነግራችኋል፡፡ ሰሜን ሸዋ ሞተርን የሚፈትነው ሜዳ ላይ ሳይሆን ዳገት ላይ ነው፡፡

በመስከረም መጨረሻ ጋሼ ከሸዋ ሮቢት ሲመለሱ፣ ከደብረ ሲና በላይ ዳገቱ ላይ መኪናዋ ውሃ አፈላች፡፡ አቀዝቅዘው፣ ውሃ ጨምረው፣ እንደምንም መሐል ሜዳ ገቡ፡፡ በማግስቱ የዘይት መለኪያዋን መዘዝ ሲያደርጉ ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል፡፡ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው፤ የቴስታታው ጉዋርኒሲዮን ተቃጥሏል፡፡ ስልክ ደወሉ፡፡

‹‹ልጄ፣ ይቺ መኪና አለቀላት መሰለኝ›› አሉ፡፡

እኛ ምን ብንል ጥሩ ነው? ‹‹ጋሼ! ማንም መካኒክ እንዳይነካት፡፡ እኛ እንመጣለን!››

ስልኩን ስንዘጋ ደረታችን ተነፍቶ ነበር፡፡ ሁላችንም ሥራ ከያዝን ገና ዓመት አልሞላንም፡፡ ለቤተሰብ የሚረባ ነገር ለመሥራት የቋመጥንበት ዕድሜ ነው፡፡ ፈቃድ ወስደን፣ ከሶማሌ ተራ ፋሻ፣ ብሮንዚናና ጉዋርኒሲዮን ገዝተን፣ መፍቻዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት አስረን፣ መመሪያ መጽሐፉን ስልካችን ላይ ጭነን ተነሳን፡፡ ለዕቃው መግዣ የሆነውን ገንዘብ ጋሼ ነበሩ የላኩት፡፡ አንድ በሬ ሸጠው፡፡

(ደረስንበት፡፡)

ሥራው ግቢ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተጀመረ፡፡ እዚህ ላይ ስለ ጋራዥ ቋንቋ አንድ ነገር እንበል፡፡ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. መጥቶ በ1933 ዓ.ም. ተባረረ ይባላል፤ ከጋራዥ ግን አልወጣም፡፡ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ብሮንዚና፣ ቡሎን፣ ዳዶ… ቃላቱን ሁሉ እናውቃቸዋለን፡፡ የመጀመሪያው ቀን ሙሉ እነዚህን ቃላት እየተጠራራን ስንፈታ ከአጥር ውጪ የሚያይ ሰው እውነተኛ መካኒኮች ነው የምንመስለው፡፡ የሠፈር ልጆች ከበውናል፡፡ ጋሼም በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በኩራት ያዩናል፡፡

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራነው በዚያው ቀን ነው፡፡ የፈታነውን ሁሉ በአንድ ሳፋ ውስጥ ጨመርነው፡፡ ቡሎኑ፣ ዳዶው፣ ክዳኑ፣ ሁሉም እንደ ንፍሮ ተቀላቀለ፡፡ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እኛም አፍሰን ስንለቅም ሦስት ቀን ፈጀብን፡፡ መቸኮላችን ባልከፋ ነበር፡፡ የከፋው ይህ ነው፤ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ (ቢየላ የሚሉት) ከታች የራሱ ክዳን አለው፡፡ ዘንጉና ክዳኑ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ተገጥመው፣ አንድ ላይ ነው ቀዳዳቸው የሚቆረጠው፡፡ የአንደኛው ክዳን ለሁለተኛው አይሆንም፡፡ የራሱ ክዳን እንኳን ተገልብጦ ቢገባ አይሆንም፡፡ ሲያዩት ግን አራቱም መንትያ ናቸው፡፡ መካኒክ ሳይፈታ በፊት በመዶሻና በፑንቶ ቁጥር ይመታባቸዋል ወይም የተመታውን ያነባል፡፡ እኛ ቁጥር አልመታንም፤ የነበረውንም ቁጥር ጥላሸቱን ጠርገን አላየነውም፡፡

ሁለተኛው ስህተት መለካትን መናቃችን ነው፡፡ በሞተር ውስጥ ብረትና ብረት አይነካካም፡፡ በኮሎውና በብሮንዚናው መካከል ስስ የዘይት ሽፋን አለ፡፡ ውፍረቱ 50 ሚሊ ሜትር ለሆነ ኮሎ ያ ክፍተት 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ፡፡ ክፍተቱ ከዚያ ብዙ ከሰፋ ዘይቱ ይፈስስና ግፊቱ ይወድቃል፤ ከጠበበ ዘይት አይገባም፣ ብረት ከብረት ይገናኛል፡፡ ለዚህ ነው ኮሎ በማይክሮ ሜትር ተለክቶ፣ ካለቀ ወይም ሞላላ ከሆነ ቶርኖ ቤት ሄዶ የሚቆረጠው፤ ከዚያም በተቆረጠው ልክ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር የወፈረ ብሮንዚና የሚገዛለት፡፡

እኛ ኮሎውን በምን ለካነው? በጥፍራችን፡፡ ዳሰስ ዳሰስ አድርገን ‹‹ለስላሳ ነው!›› አልን፡፡ የቴስታታውን ፊት በምን ለካነው? በዓይናችን፡፡ የሞቀ ቴስታታ እንደሚጣመም፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድመው ሥሩ በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ እንደሚፈትሹት፣ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተጣመመ መላጨት እንደሚያስፈልገው መመሪያው ላይ አንብበናል፡፡ ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት አለ፡፡ ግን ቴስታታ ተሸክሞ በአውቶቡስ መሄድ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ገንዘብም ያስከፍላል፡፡ ደግሞስ ለጋሼ ‹‹አስለክተን እንምጣ›› ማለት ‹‹አናውቅም›› እንደማለት ሆኖ ታየን፡፡ ስለዚህ በዓይናችን ‹‹ቀጥ ብሏል›› አልነው፡፡

ሦስተኛው ስህተት ንጽሕና ነው፡፡ ሞተር የሚገጠምበት ቦታ ከወጥ ቤት መጽዳት አለበት፡፡ የእኛ ወጥ ቤት የመንዝ ነፋስ ነበር፡፡ ያጠብነውን ፒስተን ነጠላ አልብሰነው ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ነጠላው በአቧራ ቀልቷል፡፡ ‹‹ዘይት ያጥበዋል›› ብለን ገጠምነው፡፡ ዘይት አቧራ አያጥብም፤ ተሸክሞ ወደ ብሮንዚናው ያደርሰዋል እንጂ፡፡ ጉዋርኒሲዮኑ ላይም እንዳያፈስስ ብለን ሲሊኮን እንደ ቅቤ ለቀለቅነው፡፡ ትርፉ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ ተቆርሶ፣ የዘይት መተላለፊያ ሊደፍን እንደሚችል አላሰብንም፡፡

አራተኛው የቴስታታ ማጥበቅ ነው፡፡ የቴስታታ ቡሎን እንደ ጎማ ዳዶ አይጠብቅም፡፡ ከመሐል ተነስቶ ወደ ዳር፣ በተራ፣ ደግሞም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ሦስት ዙር ነው የሚጠብቀው፤ ኃይሉን በሚለካ መፍቻ፡፡ ያ መፍቻ አልነበረንም፡፡ ክንድ ነበረን፡፡ ከሦስታችን ክንደ ብርቱው ሁሉንም አጠበቀና ‹‹እኩል ነው፣ ይሰማኛል›› አለ፡፡ የተሰማው ድካም ነው፤ የመጨረሻዎቹ ቡሎኖች ከመጀመሪያዎቹ የላሉ እንደነበሩ በኋላ ታየ፡፡

አምስተኛው፣ እኛን የገደለን ነው፡፡ ቢየላዎቹን ከኮሎው ጋር አስረን ስንጨርስ ሞተሩን በእጅ ለማዞር ሞከርን፡፡ አልዞር አለ፡፡ ረጅም ቱቦ መፍቻው ላይ ሰክተን፣ ሁለት ሰው ሆነን ስንገፋ እየተንገጫገጨ ዞረ፡፡ ከጥቂት ዝምታ በኋላ ከመካከላችን አንዱ ተናገረ፡-

‹‹አዲስ ስለሆነ ነው፡፡ ሲሠራ ይላላል፡፡››

ወዳጆች፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ፍሩ፡፡ በትክክል የተገጠመ ሞተር አዲስ ፋሻ ስላለው ጠንከር ይላል፤ ግን በእኩል ኃይል፣ ያለ መንገጫገጭ ይዞራል፡፡ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ ‹‹አንድ ክዳን ቦታዬ አይደለም›› እያላችሁ ነው፡፡ ያን ጊዜ መፍታት ነበረብን፡፡ ግን ስድስት ቀን ሠርተናል፤ ፈቃዳችን ሊያልቅ ነው፤ ጋሼ በርጩማቸው ላይ ሆነው ያዩናል፡፡ ማን ‹‹ተሳስተናል፣ እንፍታው›› ይበል? ማንም አላለም፡፡ ሦስታችንም መንገጫገጩን ሰምተናል፤ ሦስታችንም ሌላው ይናገራል ብለን ጠበቅን፡፡

ሞተሪኖው ሊያዞረው ስላልቻለ በአይሱዙ አስጎተትነው፡፡ ከመቶ ሜትር በኋላ ሳለ፣ አስነጠሰ፣ ተነሳ! እልልታው ቀለጠ፡፡ የጓደኛችን እናት ጠላ አወጡ፡፡ ጋሼ በግ አረዱ፤ ያውም የመንዝ በግ፡፡ በላን፡፡ ዛሬም ያ ጥብስ ትዝ ሲለን ጉሮሯችን ላይ ይቆማል፡፡

በማግስቱ መኪናዋን ስንሞክራት አቅም አነሳትና ጥቁር ጭስ ተፋች፡፡ እኛም ብልሃተኞቹ የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን ትንሽ ከፍ አድርገን ናፍጣ ጨመርንላት፡፡ ይህ ስድስተኛው ስህተት ደጋ ላይ የሚዘወተር ነው፡፡ ሞተር ከፍታ ላይ አቅም የሚያጣው ናፍጣ አንሶት ሳይሆን አየር አንሶት ነው፡፡ ናፍጣ ሲጨመርለት የማይነደው ጭስ ይሆናል፤ ሙቀቱም ያይላል፡፡ የቆላ ልብስ አጥብበን ለደጋ አለበስናት፡፡

በዚያው ማታ፣ ከመተኛታችን በፊት፣ ጋሼ ባትሪና ጀሪካን ይዘው ወደ ግቢ ሲወጡ አየን፡፡ መኪናዋ ሥር ገብተው የራዲያተሯን ውሃ አፈሰሱ፡፡ ጠዋት ደግሞ ከወንዝ የመጣ ውሃ ሞቅ አድርገው ሞሉላት፡፡ የራዲያተሩ ክዳን ስለላላ በፌስታል ጠቅልለው ነው የሚያጠብቁት፡፡ እኛ ሳቅን፡፡ ‹‹ጋሼ መኪናዋን እንደ ከብት ውሃ ያጠጧታል›› ተባባልን፡፡ ለምን እንደሚያደርጉት አልጠየቅናቸውም፡፡ እሳቸውም ልጆቹ የተማሩ ናቸውና ያውቁታል ብለው አልነገሩንም፡፡

አዲስ አበባ ተመለስን፡፡ ዘጠኝ ቀን፡፡ በዘጠነኛው ቀን ማታ ስልክ ተደወለ፡፡ መኪናዋ ከደብረ ሲና በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የመጀመሪያው ጊዜ ከቆመችበት ብዙም ሳትርቅ፣ ውሃ አፈላች፤ ከዚያ ሞተሩ እንደ መዶሻ መታ መታ አደረገና ቀጥ አለ፡፡ ከኋላ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ አንዲቱ ሕፃን ያዘለች፡፡ ወርደው ጎማው ሥር ድንጋይ ባያስገቡ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ማሰብ አንወድም፡፡ ያንን ዳገት ያየ ሰው በስተቀኝ ምን እንዳለ ያውቃል፡፡

ጋሼ በስልክ አልተቆጡም፡፡ ‹‹ሰው ደህና ነው፡፡ ተመስገን›› ብለው ዘጉ፡፡ ቢቆጡን በተሻለ ነበር፡፡

ደብረ ብርሃን ጎትተው ያስገቧት ጋራዥ ውስጥ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ፡፡ በሳምንቱ ቅዳሜ እኛ ስንደርስ ሞተሩ ተከፍቷል፡፡ ሦስተኛው ቢየላ ላይ ያለው ብሮንዚና ቀልጦ ኮሎው ላይ ተለጥፏል፡፡ አዛውንቱ ክዳኑን በጨርቅ ወለወሉና አቀበሉን፡፡

‹‹እስቲ አንብቡት፡፡››

ቁጥር 2 ይላል፡፡ ዘንጉን አሳዩን፡፡ 3 ይላል፡፡ ያልተጠረገው ጥላሸት ሥር ቁጥሩ እዚያው ነበር፡፡

አንገታችንን ደፋን፡፡ እዚህ ላይ ያበቃል ብለን ነበር፡፡ ሰውየው ግን አልጨረሱም፡፡

‹‹ይሄ የእናንተ ጥፋት ነው፤ ይታያል፡፡ መጀመሪያስ የገደላትን ማን አየ? ራዲያተሩን ማን አየው?››

ሦስታችንም ዝም፡፡ ራዲያተሩን ከውጪ በላስቲክ አጥበነው ነበር፡፡ አዛውንቱ አውርደው ገለበጡት፡፡ ቡና አተላ የመሰለ፣ ዝገትና ጭቃ የተቀላቀለበት ነገር ዝርግፍ አለ፡፡ ግማሹ ቱቦ ተደፍኗል፡፡ ከዚያ ወደ እኛ አልዞሩም፤ ወደ ጋሼ ዞሩ፡፡ ሁለት ወንበር ሳቡ፣ ሻይ አዘዙ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል መፍቻ ሳይነኩ ጠየቋቸው፡፡ ስንት ይጭናሉ? የት ላይ ነው መሞቅ የሚጀምራት? ውሃ ከየት ነው የሚሞሉ? በመጨረሻም፡-

‹‹ማታ ማታ ውሃውን ያፈሱታል እንዴ?››

‹‹ታዲያሳ›› አሉ ጋሼ፡፡ ‹‹ውርጩ ሞተሩን ይሰነጥቀዋላ፡፡ ከጥቅምት እስከ ጥር አፈሰዋለሁ፡፡››

ነገሩ ሁሉ እዚያች መልስ ውስጥ ነበር፡፡ ጋሼ ልክ ናቸው፡፡ ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፤ ሞተር ውስጥ ከረጋ ብረቱን ይሰነጥቃል፡፡ ስለዚህ ለዓመታት፣ በብርድ ወራት በየማታው እያፈሰሱ በየጠዋቱ አዲስ የወንዝ ውሃ ሞልተዋል፡፡ አዲስ ውሃ በመጣ ቁጥር አዲስ ደለል፣ አዲስ ማዕድን፣ አዲስ ዝገት ያመጣል፡፡ የነበረው ውሃ ቢቆይ ኖሮ ማዕድኑ አንዴ ዘቅጦ ያበቃ ነበር፡፡ ሞተሩን ከውርጭ ያዳነው ልማድ ራዲያተሩን ቀስ በቀስ አንቆ ገደለው፡፡ የተደፈነው ራዲያተር ደግሞ ዳገቱ ላይ ሞተሩን አቃጠለው፡፡

ክዳኑም አለ፡፡ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ጣርማበር ከፍታ ላይ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ፡፡ ደህና ክዳን ውሃውን አፍኖ ይይዝና እዚያ ከፍታ ላይ እንኳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፡፡ በፌስታል የተጠቀለለ ክዳን አያፍንም፡፡ የጋሼ ሞተር ጤነኛ ሞተር በሚሠራበት ሙቀት ላይ ሆኖ ይፈላ ነበር ማለት ነው፡፡ (ይህን ሕግ ከእኛ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተፈትኖበት ኤ አምጥቶበታል፡፡ ፌስታሉን ሲያይ ግን ሳቀ፡፡)

ቴርሞስታቱም የለም፡፡ ዱሮ አንዱ ‹‹ለአገራችን አያስፈልግም›› ብሎ አውልቆታል፡፡ ይህ እስከዛሬ በየጋራዡ የሚሰማ ምክር ነው፡፡ ቴርሞስታት ግን ሞተሩ ቶሎ ሞቆ በልኩ እንዲሠራ ያደርጋል፤ በብዙ ሞተሮች ላይም ሲከፈት የአቋራጩን መንገድ ዘግቶ ውሃው ሁሉ በራዲያተር እንዲያልፍ ያስገድዳል፡፡ ሲወልቅ ውሃው ገሚሱ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል፡፡ እንዲቀዘቅዝ ብለው ያወለቁት ነገር ያሞቀዋል፡፡

እንግዲህ አስቡት፡፡ የእኛ ሥራ እንከን የለሽ ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥር 3 በቁጥር 3 ቢገባ፣ ኮሎው በማይክሮ ሜትር ቢለካ፣ ያቺ መኪና ዘጠኝ ቀን ሳይሆን ምናልባት ዘጠኝ ወር ትሄድ ነበር፡፡ ከዚያ እዚያው ዳገት ላይ እንደገና ትቃጠላለች፡፡ የመለጠፍና የመለወጥ ጥበብ ብቻ ይዘን ነበርና የሄድነው፤ የሞተውን ስናድስ ምን እንደገደለው አልጠየቅንም፡፡ መልሱን የሚያውቀው ሰው ደግሞ ስድስት ቀን ሙሉ አጠገባችን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፡፡ ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች፡፡ እኛ ደጃዝማችነት አልቀረብንም፤ በሬ ነው የቀረብን፡፡

አዛውንቱ መካኒክ ሥራውን ሲሠሩ ቅዳሜና እሑድ እየሄድን አገዝናቸው፡፡ ‹‹ማገዝ›› ስንል ቡሎን ማጠብ ማለታችን ነው፤ ሌላ አላስነኩንም፡፡ ንጹሕ ካርቶን ዘርግተው የፈቱትን በፈቱበት ቅደም ተከተል ደረደሩ፡፡ ኮሎውን አስቆረጡ፤ ቴስታታውን አስላጩ፡፡ ቢየላዎቹን ሲያስሩ አንድ ክዳን ባጠበቁ ቁጥር ቆም ብለው ኮሎውን በእጃቸው ያዞራሉ፤ የሚይዝ ካለ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃላ፡፡ በጣም ቀላል ነው፡፡ አራት ጊዜ ማዞር ነው፡፡ እኛ ሁሉንም አስረን ነበር አንዴ የሞከርነው፡፡ ከማስነሳታቸው በፊትም ናፍጣውን ዘግተው፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖ ብቻ አዞሩት፤ ደረቅ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይጎዳልና፡፡ ፖምፓውን ወደ ልኩ መለሱ፡፡ አዲስ ክዳን፣ አዲስ ቴርሞስታት፣ የታጠበ ራዲያተር ገባ፡፡ በወንዝ ውሃው ፋንታ ደግሞ የማይረጋ፣ ዝገት የሚከላከል የራዲያተር ፈሳሽ በንጹሕ ውሃ እኩል በእኩል ተበጥብጦ ተሞላ፡፡

‹‹ከዛሬ ጀምሮ ማታ አያፍስሱ›› አሏቸው ጋሼን፡፡

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፡፡ ‹‹ውርጩስ?››

‹‹ይሄኛው በመንዝ ውርጭ አይረጋም፡፡››

‹‹እህ›› አሉ፡፡ እንዳላመኑ ያስታውቅ ነበር፡፡

ሂሳቡን እኛ ከፈልን፡፡ በአንድ ጊዜ አልቻልንም፤ ሦስታችን በየወሩ ከደሞዛችን እያዋጣን እስከ ሚያዝያ ፈጀብን፡፡ የበሬውንም ሰጠን፡፡ የመጀመሪያውን አልቀበልም ብለው ነበር፤ ልጃቸው ‹‹አባባ፣ ካልተቀበልከን ዓይንህን ማየት አንችልም›› ሲላቸው ተቀበሉ፡፡ የበጉን ግን ማን ይመልሰዋል?

ስለዚህ ሞተር ልታወርዱ ያሰባችሁ ወዳጆቻችን፣ ቪዲዮውን እዩ፤ ጥሩ ነው፡፡ ቁጥር ምቱ፤ ለኩ፤ አጽዱ፤ የማትችሉትን ለቶርኖ ቤት ስጡ፡፡ ሞተሩ ሲያዝ ‹‹አዲስ ስለሆነ ነው›› አትበሉ፤ ከመካከላችሁ የመጀመሪያው ሆናችሁ ‹‹እንፍታው›› በሉ፡፡ ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ከባለመኪናው አጠገብ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፡፡ የት ላይ ትሞቃለች? ውሃ ከየት ነው የሚሞሉት? ማታ ማታ ምን ያደርጋሉ? የሚያስቅ ነገር ካያችሁ ከመሳቃችሁ በፊት ‹‹ለምን?›› በሉ፡፡

መንገዱ እንደ ልብ በማይኬድበት በዚህ ጊዜ ጋሼን የምናገኛቸው በስልክ ነው፡፡ ጥቅምት ሲገባ ስንደውል ወሬያቸው ያው ነው፡፡

‹‹እዚህ ውርጩ ብሷል፤ ሣሩ ነጭ ሆኗል፡፡››

‹‹ውሃውን አፈሰሱት እንዴ ጋሼ?››

‹‹ኧረ አላፈሰስኩም!›› ይላሉ፡፡ ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ ‹‹ግን ማታ ወጥቼ አየት አደረግሁት፡፡››

አሁን አንስቅም፡፡

ቸር ይግጠመን!